ከለገሃር እስከ በደሳው የእሾህ አጥር

ይህን የምጽፈው ጨርጨርን በስሙ እንጂ በእግሩ ለማያውቅ አንባቢ ነው። እኔም እስከዚህ ኅዳር ድረስ ከእነዚያው አንዱ ነበርኩ። መንገድ አልወድም። የሰው ቤት ምግብ ለሆዴ አይስማማም፤ እንቅልፌም ከራሴ ትራስ ሌላ አያውቅም። ከጉለሌ ተነስቼ አቃቂ ሳልደርስ በሩን ቆልፌ ይሆን ሳልቆልፍ ይሆን እያልኩ የምብሰለሰል ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ወደዚያ የላከው ማኅበራችን ነው፤ የላከውም ሌላ የሚልከው ስላጣ ነው።

ማኅበራችን ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ሰው ያለ ዋጋ የምንከራከር ጥቂት ጠበቆች ነን። ስንጀምር በዛ እንል ነበር። አንዱ ሹመት አገኘና ሄደ። ሌላው አንድ ትልቅ ሰው ቢሮ ተጠርቶ በክብር ከተቀመጠ በኋላ «ለምን ራስህን ታደክማለህ?» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ወገቡን ያመዋል። የቀረነውን በየችሎቱ «እነ ጽድቅ ፈላጊ» እያሉ ይቀልዱብናል። ቀልዱን እችለዋለሁ። የማልችለው በራችን በተንኳኳ ቁጥር ማን ይሆን ብዬ መደንገጤን ነው።

አንድ ጠዋት ያንኳኳችው ፋጡማ ነበረች። ባቡር ጣቢያ ጭነት የሚያወርድ ዘመዷ ይዟት መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ እግሯ በመንገድ የቆሳሰለ ሴት ናት፤ ወንበር ብንሰጣትም መሬት መቀመጥ መረጠች።

«ባሌ ኡመር ቀጥቃጭ ነው» አለችን። «በኛ አገር ቱምቱ ይሉታል፣ ይንቁታል። እዚያ ዘመድ የለውም፣ እኛ ከአርሲ ነው የመጣን። የባላባቱ የቡና መጋዘን ተቃጠለ። ሰው ሁሉ እሾህ አጥር ውስጥ ታጎረ። እኔ ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ፣ በዚያው መጣሁ። ሰው ሲሰለቸው፣ ቡናው ሲረግፍበት፣ ባሌን ይጠራል። ወላሂ ይጠራል።»

የነገረችን አውጫጪኝ ነው፤ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ልንገር። ስርቆት ወይም ቃጠሎ ደርሶ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ይጠየቃል። ያየም የሰማም ለሽማግሌዎች በስውር ይናገራል፤ ከማን ሰማህ ቢባል «ወፍ ነገረኝ» ካለ ይበቃዋል። ስም እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ዳኛም ፖሊስም ባልነበረበት ዘመን ሳይጠቅም አልቀረም ይሆናል። ዛሬ ግን ሕገ መንግሥት አለን፣ የታተመ የወንጀል ሕግ አለን፤ ያልተከሰሰ ሕዝብ እንደ ከብት በረት ውስጥ የሚያድርበት ምክንያት የለም። ይህንኑ ጽፈን፣ ደጅ ጠንተን፣ ተመላልሰን ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ትእዛዝ አገኘን፤ ሕዝቡ ይለቀቅ፣ ማስረጃ የተገኘበት ካለ በወጉ ይከሰስ የሚል። አሁን ጭንቀቱ አንድ ብቻ ነበር። ትእዛዙ ሳይደርስ የኡመር ስም ከተጠራ፣ የተጠራን ስም የሚመልስ ፍርድ ቤት አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን

ባለቤቴ ትእዛዙን ከኮቴ ገበር ውስጥ ሰፋችልኝ። በለገሃር ለራሴ የሁለተኛ ማዕረግ ቲኬት ቆርጬ ነበር፤ ባቡሩ ቢሾፍቱ ሳይደርስ ግን ፋጡማ ተሳስታ ብትወርድስ የሚል ሐሳብ ያዘኝና ወደ ሦስተኛ ማዕረግ ተዛወርኩ። እዚያ አንድ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ ከጎኔ ተቀምጦ እስከ አዋሽ ድረስ ፊቴን ሲያየኝ ሄደ። ፊት ለፊቴ የነበረ ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ቢጠይቀኝ «ቡና ላይ» አልኩት። ወዲያው የቡና ዋጋ ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት አፍሬ የሆነ ቁጥር ስናገር በሐዘን አየኝና ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።

አዋሽ ጣቢያ መኮሮኒ በሥጋ በላሁ። ፋጡማ ሥጋው የማን እንደሆነ ስለማታውቅ አልነካችም፤ ከጨርቋ ቋጠሮ የማሽላ ቆሎ አውጥታ ቆረጠመች፣ ለኔም ዘገነችልኝ። ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ ሌላ ነው። እኛ ቤት ኅዳር ሲገባ ብርድ ልብስ እንደርባለን፤ እዚህ የባቡሩ ብረት እጅ ይፈጃል። ቦርደዴ ላይ ሴቶች በጭስ በታጠነ ዕቃ የግመል ወተት ይዘው በመስኮቱ አቀረቡልን። ጠማኝና ጠጣሁ። ጣዕሙን አልረሳውም፤ ሆዴም እስከ ሚኤሶ ድረስ ሲያስታውሰኝ ነበር።

«አባባ፣ አንተ ፈራህ?» አለችኝ ፋጡማ፣ እጄ ደጋግሞ ወደ ኮቴ ሲሄድ አይታ።

በመጀመሪያ «አንተ» መባሌ ከነከነኝ። ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ እኔም በችሎት «ክቡር ጠበቃ» መባል የለመድኩ ነኝ። ኋላ ሳስበው አማርኛዋን የተማረችው ገበያ ላይ ነው፤ ገበያ ደግሞ እርስዎ አይልም። «አልፈራሁም» አልኳት። ፈርቼ ነበር።

ሁለተኛው ቀን

ሚኤሶ ሰው ቤት ውስጥ አይተኛም። አልጋው ሁሉ ደጅ ተደርድሮ እንደ ሆስፒታል ክፍል ይመስላል፤ ልዩነቱ ጣሪያው ሰማይ፣ ጎረቤቱ ግመል መሆኑ ነው። ባለ አልጋው ሰውዬ ለፋጡማ ሚስቱ ዘንድ ቦታ ሰጣትና ለእኔ ኮቴን እንዳወልቅ ይመክረኝ ጀመር። በዚያ ሙቀት ኮቱን ለብሼ መተኛቴ ሳያስገርመው አልቀረም።

ጠዋት ማሽላ የጫነ መኪና አገኘን። እኔ ጋቢና፣ ፋጡማ ከላይ ከጆንያው ጋር። ዳገቱን ስንጀምር የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማውን እስኪለጥፍ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን፤ ፋጡማ አልተቀመጠችም። መንገዱ ላይ ቆማ ወደ ተራራው ታይ ነበር። በእርሷ ዓይን ያን ሰዓት እዚያ አጥር ውስጥ ስም እየተጠራ ነው። በእኔም ዓይን እንደዚያው ነበር፤ ለእርሷ ግን «አይዞሽ፣ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም» አልኳት። ይህን ያልኩት ምን አውቄ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ወደ አሰበ ተፈሪ ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘና ነፍሴ ተመለሰች። ከተማዋ ከተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ ባሕር ዛፉ፣ ቆርቆሮው፣ ጠዋት ማታ የሚወርደው ነፋስ የእንጦጦን ግርጌ ያስታውሳል። ጫት የተሸከሙ ሴቶች እያለፉ «አካም!» ሲሉኝ ባርኔጣዬን እያነሳሁ መለስኩ። ከዚያ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል እንደ እኔ ላለ ሰው ነው።

ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነው። ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ ማኅተሙን በብርሃን አየ፣ ከዚያ «ትክክል ነው» አለ። «ግን ወደ ወረዳ ያለ መሸኛ አይወርድም። መሸኛው ላይ ማኅተም ያስፈልጋል፤ የማኅተሙን ሣጥን ዘግተናል። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ከነገ ወዲያ እሑድ። ሰኞ ይምጡ።»

ሰኞ! ፋጡማ በሩ ላይ ሆና ሰማችው። አላለቀሰችም፤ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

ያደርኩት ወይዘሮ አስካለ ቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አልጋ ያከራያሉ፤ የዕቃ ቤታቸው መዓዛ የእናቴን ቤት ይመስላል። እራት ቀርቦ አልበላልህ ቢለኝ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ የወጣሁትን ሰው አንድ ጥያቄ ዘረገፈኝ። ሰምተው ሲጨርሱ መጀመሪያ ያሉት «ሴትየዋ የት ናት?» ነው። ደጅ ናት አልኳቸው። «ደጅ! እርስዎ ጠበቃ ነኝ ይላሉ?» ብለው ተነሱ። የእርሳቸው እጅ የነካውን ሥጋ እንደማትበላ ስለሚያውቁ ራሳቸው ይዘዋት ወደ ጎረቤታቸው ሐጂ ቤት ሄዱ፤ ፋጡማ እዚያ በላች፣ እዚያ አደረች። እኔ ግን ትኋኑ ከወይዘሮ አስካለ ተግሣጽ ጋር ተደምሮ ሲበላኝ አደረ።

ሦስተኛው ቀን

«ይነሱ፣ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን» አሉኝ ገና ሳይነጋ። ልጸልይ የሄድኩ መስሎኝ ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ ወይዘሮ አስካለ በሴቶቹ በር ወጥተው ወደ ወንዶቹ በር ዞሩና አንድ ነጠላ የለበሰ ሰው ክንድ ያዙ። ጸሐፊው ነበር።

«የክርስትና ልጄ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ እርሱ ዞረው «ዛሬ ማን ነው?»

«ሚካኤል ነው፣ እማማ።»

«ሚካኤል የታሰረ ያስፈታል ወይስ ያሳስራል?»

«እማማ፣ በበዓል ማኅተም…»

«ማኅተም መምታት ሥራ ነው? አንዴ ጫን ማድረግ ነው። እንጨት አትፈልጥ፣ ማሳ አታርስ። ና፣ ቁልፉን አምጣ።»

ልጁ ጉድ ሆነ። ሰው ሁሉ እያየው ነው፤ የክርስትና እናትን በታቦት ፊት እምቢ ማለት አይቻልም። ነጠላውን እንዳጣፋ ጽሕፈት ቤቱን ከፈተ፣ መሸኛውን ቁሞ ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ፤ ከዚያ አማተበ። ስንወጣ ጆሮዬ ላይ «የወረዳው ግራዝማች ይህን አይወዱትም። እርስዎ ይሄዳሉ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። በየሄድኩበት እኔ የማልከፍለውን የሚከፍል ሰው እተው ነበር።

ግራዝማች ያለው ያን አውጫጪኝ የጠራውን ሹም ነው። ስሙንም ያችን ቀበሌም አልጽፍም፤ ሰዎቹ ገና እዚያው ይኖራሉ። በዚያ ሰሞን እርሱ ለጉዳይ ሚኤሶ ወርዶ ነበር ተባለ። ምናልባት በዚያ ሁሉ ደጅ የተዘረጋ አልጋ ላይ ጎን ለጎን አድረን ይሆናል።

ወይዘሮ አስካለ የበዓሉን ዳቦ ቆርሰው አስያዙን። በኩኒ በኩል ቡና ሊጭን የሚሄድ መኪና ይዘን ከሰዓት በኋላ በደሳ ገባን። ገበያው እየተበተነ ነበር፤ የቡና ከረጢት፣ የሸንኮራ አገዳ ልጣጭ፣ ያልተሸጠ ጫት። ወይዘሮ አስካለ የጠቆሙን የበደሳው ድሬሰር አቶ ምናሴ የጎጃም ሰው ነው፤ ክሊኒኩ ጎን ባለች ክፍሉ ተቀበለን። ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር መነጋገር ናፍቆት ኖሮ ሳይጠይቀኝ አልጋውን ለቀቀልኝ፤ በቡና ቅጠልና በወተት የተፈላ ሆጃ አጠጣኝ። ለሆዴ ከግመሉ ወተት ይሻላል።

አውጫጪኙን ሳነሳበት ግን ፊቱ ተለወጠ። ፋጡማ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆና እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትናንት ቁስለኛ አለ ተብዬ ገብቼ ነበር» አለኝ። «እስካሁን ስም አልወጣም። ግን ሁሉም ወደ ቀጥቃጩ ዞረዋል። በፊት ሦስት አራት ሰው ይጠረጥሩ ነበር። ሚስቱ ከጠፋች ወዲህ ‹ንጹሕ ቢሆን ሚስቱ ለምን ሸሸች?› ይላሉ። ነገ ስሙን ጠርተው ነገሩን ሊጨርሱት ነው።»

ሕግ ልትፈልግ መምጣቷ ራሱ በባሏ ላይ ማስረጃ ሆኗል። እኛ በዚያች ክፍል ተቀምጠን «ደህና አደረግሽ» ስንላት እርሷ ባሏን ወደ ገደል እየገፋች ነበር፤ እኛም አብረን። ለፋጡማ ልንገራት አልንገራት ብዬ ተጨነቅኩ። ስነግራት ግን «አውቃለሁ» አለች። «ስወጣም አውቄ ነው። ብቀመጥም ይጠራል፣ ብሄድም ይጠራል። ስሄድ ግን አንተ ትመጣለህ።»

አራተኛው ቀን

እሑድ ማለዳ አቶ ምናሴ በቅሎ ተበድሮ አመጣልኝና እርሱም ሊያስተረጉምልኝ ከእኔና ከፋጡማ ጋር ወጣ። እንዲመጣ አልለመንኩትም፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመንገዳችን ግራና ቀኝ ቡናው ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ መሬት ላይ ረግፎ ነበር። ለቃሚ የለም። እኛ ቤት ጎረቤት ሲጣላ ድምፅ አለ፤ ሰው የሌለበት አዝመራ ዝምታ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። በቅሎዋም አንድ ጊዜ ጣለችኝ፤ ስለ እርሱ ብዙ አልጽፍም።

አጥሩ ከግራር ቅርንጫፍ የታጠረ ሰፊ በረት ነው። በሩ ላይ ነጭ ለባሽ የሚባሉት የወረዳው ጠባቂዎች ጠብመንጃ ይዘው ቆመዋል። መሸኛውን ለአለቃቸው ሰጠሁት። ማኅተሙን አየ፣ እኔን አየ፣ ቃል ሳይናገር ጠብመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ በሩን ከፈተና ዛፍ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ገባን። ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ የታቀፈ ሕፃን፣ ሁሉም አፈር ላይ ተቀምጠዋል። ፋጡማን ሲያዩ ጉርምርምታው እንደ ንብ ተነሳ። ኡመር ከሁሉ ተለይቶ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጦ ነበር፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቅንድቡ በፍም የተቃጠለ ሰው። ፋጡማ ከጎኑ ሄዳ ተቀመጠች። አልተነካኩም፤ ግን ሁለቱም ተነፈሱ።

ትእዛዙን ቆሜ አነበብኩ፤ አቶ ምናሴ በኦሮምኛ አስረዳ። «አልተከሰሳችሁም፣ ልትታሰሩ አይገባም። በሩ ክፍት ነው፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አልኩ። ድምፄ እንደ ችሎት ቀን ሞቆልኝ ነበር። ከዚያ እልልታ ጠበቅኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

እንደገና አነበብኩ። አንዱ ሰው ጎረቤቱን ያያል፣ ጎረቤቱ መሬት ያያል። በሩ እንደተከፈተ ነው።

«ምን ሆነዋል?» አልኩት አቶ ምናሴን።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ኦቦ አሊዪ የሚሏቸው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው በተሰባበረ አማርኛ ራሳቸው መለሱልኝ። «ጌታው፣ ሰላም ነው፣ ጥሩ ወረቀት ነው። ግን ስም ሳይወጣ ከዚህ ማን ይወጣል? ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው ይባላል። ያቃጠለው እሱ ነው፣ ልቡ ነው ያስወጣው ይባላል። አንተ ነገ ትሄዳለህ። ግራዝማች ይመጣል። ‹ማን ቀድሞ ወጣ?› ይላል።»

ለዚህ ምን ሕግ ልጥቀስ? አንቀጽ በአንቀጽ አዘጋጅቼ የመጣሁት ለነጭ ለባሾቹ ነበር፤ ለሹም ነበር። በተከፈተ በር ፊት ለሚቀመጥ ሕዝብ የሚሆን አንድም ቃል አልነበረኝም። እዚያው መሐላቸው ቆሜ ማልቀስ ቃጣኝ።

ያኔ ኡመር ተነሳ። ልብሱን አራገፈ፣ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። በኦሮምኛ የተናገረውን አቶ ምናሴ በሹክሹክታ ነገረኝ፤ «እኔን ለማንኛውም ትጠሩኛላችሁ። ልውጣና ቡናችሁን ልቀሙ» ነው ያለው።

«አትውጣ!» ብላ ፋጡማ ጮኸች። በአማርኛ ነው የጮኸችው፤ ለእኔ ይሁን ለእርሱ አላወቅኩም። ኮቱን የያዘችው ግን የእኔን ነው። «አባባ፣ ያዘው! አንተ አመጣህ፣ አንተ ያዘው!»

እኔ ከመንቀሳቀሴ በፊት ኦቦ አሊዪ በትራቸውን በሩ ላይ አግድም ዘረጉ። ኡመር ቆመ። ሽማግሌው አዩት። ማረሻቸውን ስንት ዓመት የሠራላቸው ሰው ነው፤ ቤታቸው ገብቶ ግን በልቶ አያውቅም፣ ይህን ኋላ ሰማሁ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ደላ ዲጋ!» አሉ።

«አጥሩን አፍርሱ እያሉ ነው» አለኝ አቶ ምናሴ። «እያንዳንዱ ፊቱ ያለውን ቅርንጫፍ ያንሳ፣ በር አይኑር፣ ቀድሞ የሚወጣ አይኑር ይላሉ።»

ሽማግሌው ራሳቸው የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ያዙ፤ እሾሁ እጃቸውን ወጋው። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነሳ። በየአቅጣጫው ግራሩ ይጎተታል፣ አቧራው ዓይን ይጋርዳል፣ ሴቱ ይጮኻል። እኔ ደግሞ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚጨፈልቀኝ መሰለኝ። ፊቴ ክፍተት ሳይ ዘልዬ ወጣሁ። ባርኔጣዬ እሾህ ላይ ቀረ፣ የኮቴ እጅጌ ተቀደደ። ቡናው ውስጥ ቆሜ ዞር ስል ሁሉም ገና እየጎተቱ ነበር፤ ከውጭ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አቧራው ሲበርድ አጥር የለም። ሰዉ በየማሳው ሮጠ። አቶ ምናሴ ባርኔጣዬን ይዞ መጣና ሳቁን እየዋጠ «አቶ ጠበቃ፣ ከእስረኞቹ ቀድመው ተፈቱ» አለኝ። አፍሬ መሬት ገባሁ።

ኡመርና ፋጡማ ባዶው ቦታ ላይ ቆመው ነበር። ኦቦ አሊዪ አልፈዋቸው ሊሄዱ ሲሉ ተመለሱና ኡመርን አንድ ነገር አሉት። ማረሻዬ ደንዝዟል፣ ነገ ቤት ናልኝ፣ ከእኛ ጋር ትበላለህ ነው ያሉት። ኡመር ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። ፋጡማ ግን ወደኔ መጣች።

«አንተ ስትሄድስ?» አለችኝ።

የማኅበራችንን ክፍል ታውቂዋለሽ አልኳት።

አምስተኛው ቀን

ሰኞ ረፋድ ላይ ጫት በጫነ መኪና አሰበ ተፈሪ ተመለስኩ። ሚኤሶ የሚወርደውን መኪና እየጠበቅኩ ወይዘሮ አስካለ የተቀደደውን እጅጌዬን ይሰፉልኝ ነበር። በየስፌቱ መካከል ጸሐፊው ልጃቸው ምንም እንዳልደረሰበት ይነግሩኛል፤ ደጋግመው መናገራቸው ራሱ አስጨነቀኝ። ስፌቱ ሳያልቅ አንድ ነጭ ለባሽ በሩ ላይ ቆሞ ግራዝማች እንደሚፈልገኝ ነገረኝ።

ከሚኤሶ ተመልሶ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። የቁጡ ሰው ፊት ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀኝ። ከጀርባው የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። እንዲህ ያለ ጨዋነት እኛ ቤት በዚያ ትልቅ ቢሮ ውስጥም አለ፤ የባልደረባዬ ወገብ የታመመው ከእርሱ በኋላ ነው።

«ትእዛዙ ተፈጽሟል፤ እኔ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልቃወምም» አለኝ። «ሕዝቡ ሄዷል፣ መልካም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፣ አይዋሹም።» ከኪሱ ወረቀትና ብዕር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ለመሆኑ ማን ነው ቀድሞ የወጣው?»

ኡመር ሲነሳ፣ ልብሱን ሲያራግፍ ታየኝ። ነጭ ለባሾቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁሉን አይተዋል፤ ኡመር ወደ በሩ መሄዱንም ነግረውት ይሆናል። እኔ እስክናገር ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጉዞ ሁሉ የምናገረው ነገር እውነት ነበር፤ አቶ ምናሴም ምስክሬ ነው፣ ባርኔጣዬም ምስክሬ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

«እኔ ነኝ፣ ክቡር ግራዝማች። አጥሩ ሲፈርስ ፈርቼ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ዘልዬ የወጣሁት እኔ ነኝ። ይጻፉት።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወደ ወረቀቱ አጎነበሰና ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ጻፈው። የአባቴን ስም ጠየቀኝ፤ እሱንም ነገርኩት። የአያቴን ሳይጠይቀኝ ጨመርኩለት።